ማን ነገራችሁ?

የሰባት ዓመቷ ወለላ አስከሬን ገና ከቤት ሳይወጣ፣ አጽናኞች የሞቷን ምክንያት ለአባቷ ይነግሩት ጀመር። ጎረቤቱ «እግዚአብሔር የሚወደውን ነው የሚወስደው» ስትለው ጥርሱን ነክሶ አለፋት። ታላቅ ወንድሙ ግን «ከሚመጣ ክፉ ነገር ሊሰውራት ነው» ሲለው ከመደቡ ዘሎ ተነሣ።

«ማን ነገረህ ጋሼ? በየትኛው ጆሮህ ሰማኸው?» ብሎ ጮኸ። «ለምን እንደወሰዳት እኔ አላውቅም! አንተም አታውቅም! በስሙ ሰበብ አትፍጠርልኝ!»



«ኧረ ስለ ፈጣሪ!» አለ ወንድሙ ደንግጦ። «እምነትህ የት ገባ?»

«አምነዋለሁ! አላውቅም ማለትም አያሳፍረኝም። ውሸታችሁን ነው የማልችለው!»

እንባውን በእጁ መዳፍ ጠረገ። ከዚያ ጥምጣሙን ጠምጥሞ፣ መስቀሉን ከኪሱ አውጥቶ የልጁን ፍትሐት ጀመረ።