ከማጨጃው ሥር

ከሁለት ዓመት በፊት መካኒኩ ጋሽ ወርዶፋ የደቻሳን ወንድም ያለ ድጋፍ ከትራክተሩ ማጨጃ ሥር አስገቡት፤ ብረቱ ወርዶ ገደለው። ትራክተር ነጂው ደቻሳ የጠበቀው ቀን ዛሬ ደረሰ። ስለቱ ድንጋይ እየመታ ስላስቸገረ፣ ጋሽ ወርዶፋ ከፍታውን ሊያስተካክሉ ራሳቸው ከተነሣው ማጨጃ ሥር ገቡ።

ደቻሳ የማንሻውን ዘንግ ወደ ታች ገፋው። ማጨጃው ወረደና ሁለት ግንዶች ላይ ቆመ።

«ከዚያ ወዲህ ያለ ግንድ ገብቼ አላውቅም» አሉ ጋሽ ወርዶፋ ከሥር። «እስቲ አንሣው።»

ደቻሳ አነሣው። ሽማግሌው ግንዶቹን ገፍተው አወጡና ተመልሰው ተጋደሙ።

«በል፣ አሁን ልቀቀው። እኔም ደክሞኛል።»

ደቻሳ ዘሎ ወረደ፤ ግንዶቹንም መልሶ አስገባቸው።

«አልገላግልዎትም፣ ጋሼ» አላቸው። «የወንድሜን ደም ተሸክመው ይኑሩ።»