በፎም ማን ያቃስታል?

ፎሙ ቁም ሣጥን ያክላል። አንዱን ጫፍ ሽማግሌው ድንጋይ ተሸካሚ፣ ሌላውን ጫፍ ቀጮ የሚሉት ባልደረባው ያዙ። መሬቱ ረግረግ ስለሆነ በድንጋይ የተሞላው መንገድ ሁለት ጊዜ ሰምጦ ነበር፤ በሦስተኛው መሐንዲሶቹ ክብደት በሌለው ፎም ይሞላ አሉ። ሽማግሌው እንደለመደው ጥርሱን ነክሶ፣ በድንጋይ ጉልበት ብድግ ሲያደርገው ፎሙ እንደ ባዶ ቅርጫት ተነሣ። ወገቡን ግን ጨምድዶ ያዘው። "እህህ!" አለ ሳያስበው።

በድንጋዩ ጊዜ ሁሉም ስለሚያቃስት የእሱን ለይቶ የሚሰማ አልነበረም። ሕመሙን ሆድ ይፍጀው ብሎ ስድስት ወር ሠርቷል። ዛሬ ግን ሰዉ ሁሉ እያፏጨ ነው የሚሸከመው። ጉንፋን የያዘውን እንኳ ከሥራ የሚያሰናብተው ፎርማን ዞር አለ።

"ማነው እሱ? በፎም ነው የሚያቃስተው?"

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። ላቡ ነጩ ፎም ላይ ጠብ አለ።

"እኔ ነኝ አለቃ!" አለ ቀጮ፣ ጉልበቱን አጥፎ እያማጠ። "እህህ! ኧረ ሞትኩ! ሰው ጥራልኝ!"

ከኋላቸው ያለውም "እህህ" አለ። ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ሜዳው በሙሉ።

"የቀልደኛ መዓት!" ብሎ ፎርማኑ እየሳቀ ሄደ።

ቀጮ ግን አልሳቀም። የፎሙን መሃል ከሥር በሁለት እጁ አቀፈና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጋሼ፣ እኔ ተሸክሜዋለሁ። እርስዎ ይደገፉት።"