የአንኮበር ቆዳ

አማቴ ወይዘሮ አመተ ማርያም ከአንኮበር የመጡት የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ነበር። መጀመሪያ ያዩት ግን የሰሊሃን እጅ ነው።

ሰሊሃ ከወለጋ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ትኖራለች። ልጆቿን የምታበላው የእኛን ልብስ አጥባ ነው። እጇ ቀልቶ ጣቶቿ ተሰነጣጥቀዋል።

«በዚህ እጅ ነው የልጄን ልጅ ልብስ የምትነኪው?»

«በረኪናው ነው እማማ።»

«በረኪና ያነጣል እንጂ ያቆስላል?» አፍንጫቸውን ይዘው አለፏት።

ሕፃኑ ልጄ ዘላለም የክርኑንና የጉልበቱን እጥፋት ደም እስኪወጣው ያክ ነበር። እማማ ወዲያው ፈረዱ። «አጋባችበት! የእኛ ዘር ቆዳው ቅቤ ነው። አንኮበር ሄዳችሁ ጠይቁ!»

በማግስቱ ሰሊሃን «ማስረጃ» ብለው እየጎተቱ ሐኪም ቤት ወሰዱን። ክፍሉ ሞቃት ነበር። ሐኪሙ ሹራቤን አየት ሲያደርግ እማማ ሳቁ።

«እሷን ተዋት። ቆላ ዓልዩ አምባ ወርደን እንኳ ሹራቧን አላወለቀችም። የተማረች ሙሽራ ይሏታል!»

ሐኪሙ ሰሊሃንና ዘላለምን መረመረ። «ችፌ ነው፤ ግን ዓይነቱ ይለያያል። የእሷ ከሳሙናና ከበረኪና የመጣ ነው፤ ጓንት ካደረገች ይሽራል። የልጁ ብዙ ጊዜ በዘር ይወርዳል። ሁለቱም ቢሆን ወደ ሌላ ሰው አይጋባም። ከቤተሰብ ይህ ያለበት ማን ነው?»

«በእኛ ዘር? አንተ ልጅ፣ እኔን ነው የምትሰድበው?»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። እንደ ልማዴ መሬት መሬት አየሁ።

«እሷ አፍ የላትም» አሉ እማማ።

ሐኪሙ ቅባት አዘዘ። «ገላውን ለብ ባለ ውኃ ታጥቢውና…»

«ቆዳው ሳይደርቅ እቀባዋለሁ» አልኩ።

«ጎበዝ እናት» አለ።

ቤት ስንደርስ እማማ ሰሊሃን ከበሩ መለሷት።

«ሐኪሙ አይጋባም ብሏል እኮ፣ በአላህ!»

«ዘር ሰዳቢ ምን ያውቃል? ይኼው ነው፣ ሁለተኛ እንዳትመጪ!»

ሰሊሃ እኔን አየችኝ። ጠበቀችኝ። አንገቴን ደፋሁ። እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

«እፎይ፣ ከቤታችን ወጣልን!» አሉ እማማ።

ዘላለምን አጥቤ፣ ቀብቼ አስተኛሁት። ከዚያ በሩን ቆለፍኩ፤ ሹራቤን አወለቅኩና ከሕፃንነቴ ጀምሮ ችፌው ያልለቀቀውን የክርኖቼን እጥፋት በዚያው ቅባት ቀባሁት።