እምቢ የምትለው

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ እስክሪብቶውን እንደ መርፌ በሁለት ጣቱ ይዞ ጠበቃዋ ፊት ተቀምጧል።

"አእምሮዎ ቢደክም በእርስዎ ፈንታ የሚወስነው ማን ይሁን?" አለችው።

ሴት ልጁ ወደ ወንድሟ ዞረች። ለአባቱ አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብሎ የማያውቅ ልጅ እያለ እሷን ማን ይመርጣል? ዛሬም መድኃኒትህን ካልዋጥክ ንቅንቅ አንልም ብላው ተኮራርፈው ነው የመጡት።

"እሷ ትሁን" አለ አባቷ።

"አባዬ፣ እኔ እኮ ስጨቀጭቅህ ነው የምውለው!"

"ለዚያ ነዋ! ወንድምሽ ሁሌም 'እሺ አባዬ' ነው። የቀወስኩ ዕለት ቤቱን ሽጠው ካልኩት ይሸጠዋል።"

ወንድሟ ሳቁ አመለጠው። አባቷ ሊፈርም ሲያጎነብስ ልጅቷ እንባዋ እንዳቀረረ እስክሪብቶውን ነጠቀችው።

"መነጽርህን ሳታደርግማ አትፈርምም!"

አባቷ ወደ ጠበቃዋ ዞሮ፣ "አየሽልኝ?" አለ።