የአገኘሁ አንድ ዘፈን

ሳክስፎኑ ገና ሲጀምር አባ ገብረ ሚካኤል አወቁት። የሻዩ ብርጭቆ አፋቸው ሳይደርስ እጃቸው ላይ ቀረ።

ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ወጣት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ድምፁን ከፍ አደረገው። አቪሃይ ይባላል፤ ከእስራኤል ነው የመጣው፤ እናቱ ግን የዳባት ልጅ ናት። ደባርቅ መናኸሪያ ዙሪያ ያሉ ሽማግሌዎችን ሲጠይቅ አርፍዶ፣ “የጥንቱን ሰው ሁሉ የሚያውቁ አንድ መነኩሴ አሉ” ብለው ነው ወደዚህ ሻይ ቤት የላኩት።

“እሰይ! ‘የሸማኔው ደጅ’!” አለች የሻይ ቤቱ ባለቤት ብርሃኔ ከምድጃው ቀና ብላ። “በንጉሡ መጨረሻ ክረምት እኮ ይህን ያልዘፈነ አህያ ብቻ ነው። አገኘሁ የሚባል ነበር ዘፋኙ፤ ጎንደር አንድ ሆቴል የሚጫወት ጎረምሳ። አንድ ሸክላ አስቀረጸና የውሃ ሽታ ሆነ። ዛሬ ማን ያስታውሰዋል?”

“እናቴ” አለ አቪሃይ።

አባ ቆባቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉ።

“ዙፋን ትባላለች። አባቷ ሸማኔ ነበር፤ ቤተ እስራኤል ነን። ዘፈኑን ለእኔ ነው የዘፈነው ትላለች። ያኔ ሰዎች ‘ለቡዳ ልጅ ነው እንዴ የምትዘፍነው?’ ብለው ሲስቁበት፣ ‘የምን ሸማኔ? ግጥሙን ሰው ሰጥቶኝ ነው’ አለ። ከዚያ ወዲህ ማንም አላመናትም፤ አክስቶቼ እስከ ዛሬ ይቀልዱባታል። አሁን በጣም ታማለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እሱ ራሱ ‘ላንቺ ነው’ እንዲላት። አገኘሁን ያውቁት ይሆን፣ አባ?”

“ሞቷል” አሉ አባ።

ቃሉ ሳያስቡት ነበር ያመለጣቸው። ወዲያው ግን ውሸት አይደለም ብለው ራሳቸውን ለማጽናናት ሞከሩ። ዋልድባ ሲመነኩሱ በቁማቸው እንደ ሬሳ ተገንዘው፣ ጸሎተ ፍትሐት ተደግሞላቸዋል። አገኘሁ ያን ቀን ለዓለም ሞቷል፤ ከመሬት የተነሡት ገብረ ሚካኤል ተብለው ነው። ደባርቅ የገቡትም በስተርጅና ነውና ከጺማቸው ጀርባ ያንን ጎረምሳ የፈለገ ሰው አልነበረም። ሥርዓቱ ይመሰክርላቸዋል። ይህን ሁሉ በልባቸው ደረደሩት፤ ፊታቸው ግን እንደ እሳት ጋለ።

“ነፍስ ይማር” አለች ብርሃኔ።

አቪሃይ ዘፈኑን አቆመና ደወለ። ስልኩ ላይ፣ ነጭ ትራስ የተደገፈች፣ ራሷን በሻሽ ያሰረች የከሳች ሴት ብቅ አለች።

“እማ፣ ሞቷል።”

“ማን አለህ?”

“አንድ አባት። እዚህ አጠገቤ ናቸው።”

“አገናኘኝ እስቲ።”

አባ ስልኩን ተቀብለው ፊታቸውን እንዳያሳይ ወደ ጣሪያው አዞሩት።

“እንደምን ዋሉ፣ አባ? እኔ እንኳ የሚታየኝ ቆርቆሮ ነው” አለች ዙፋን። “ግድ የለም፣ የአገሬ ቆርቆሮ ነው። አገኘሁን ያውቁት ኖሯል?”

“አውቀዋለሁ።”

“ስለዚያ ዘፈን አንሥቶልዎት ያውቃል?”

ብርሃኔ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ትሰማለች። አቪሃይ ዓይን ዓይናቸውን ያያል። አባ “እኔ ነኝ” ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

“ለዙፋን ነው ይል ነበር” አሉ።

“እንዲያ ይል ነበር?”

“ይል ነበር። ያኔ የካደው ሰውን ፈርቶ ነው።”

ከስልኩ ውስጥ ሳቅ ወጣ፤ የታማሚ ሳቅ አይደለም፣ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ መንገድ ላይ የቆመች ኮረዳ ሳቅ ነው። አባ ያውቁታል። “አቪሃይ! ሰማህ አይደል? ለአክስቶችህ ደውል፣ አሁኑኑ ደውል!” አለች። ወዲያው ድምጿ ዝቅ አለ።

“እኔ እኮ ዕድሜ ልኬን ስረግመው ኖርኩ፣ አባ። ለካስ የሞተ ሰው ነው የምረግመው። መቃብሩን ያውቁታል?”

“አ… አውቀዋለሁ።”

“እንግዲያው ይሂዱና ‘ዙፋን ይቅር በለኝ ብላለች’ ይበሉልኝ። ያን ያህል ያድርጉልኝ።”

“እሺ” አሉ አባ።

አቪሃይ ስልኩን ተቀብሎ ከእናቱ ጋር ተሰነባበተና ከኪሱ አንዲት ለስላሳ ጠጠር አወጣ። “እኛ መቃብር ላይ ድንጋይ ነው የምናኖረው። ምናልባት ሞቶ ቢሆን ብዬ ከቤታችን ደጅ ያነሣኋት ናት። መኪናዬ ሊነሣ ነውና እርስዎ ያኑሩልኝ” ብሎ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው። ከዚያም ሁለት እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ ዝቅ ብሎ አመሰገነና ጉም ወደ ሞላው መንገድ ወጣ።

“የት ነው የተቀበረው፣ አባ?” አለች ብርሃኔ ብርጭቆውን እያነሣች። “ይህ ሻይ እኮ ቀዘቀዘ። መሞቱንም ዛሬ መስማቴ ነው።”

አባ መዳፋቸውን ገለጥ አደረጉ። ጠጠሯ ከልጁ ኪስ እንደወጣች ገና ትሞቃለች። ዞር ዞር ብለው አዩና፣ በቀስታ ጉልበታቸው ላይ አኖሯት፤ እንዳትወድቅም ሳይነቃነቁ ተቀመጡ።