ጄኔራሏን የመረጠች ልጅ

«አንቺን አይደለም እኮ የመረጥኩት፣ እማ» ልጇ ስትላት፣ እናትየው የፀጉር ማድረቂያውን ካስክ የደንበኛዋ ጭንቅላት ላይ እያወረደች ነበር። ደንግጣ ግንባሯን ዷ አደረገቻት።

«ኧረ ቀስ! ጭንቅላት ነው እኮ!» አለች ደንበኛዋ ፀጉሯ የተጠቀለለባቸውን ቢጎዲኖች እየዳበሰች።

«ውይ፣ ይቅርታ የኔ ቆንጆ» ብላ አስተካከለችላትና ካስኩን አበራችው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «ማንን ነው ታዲያ?»

ልጅቷ ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር እየጠረገች ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሲጨንቃት የተጠረገ ቦታ ደግማ ትጠርጋለች። አሁንም ያንኑ ጥግ ይዛ እየፈተገችው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነገ ቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ፕሮግራም አለ። እያንዳንዱ ልጅ «በእምነቴ እንደዚህ ሰው መሆን እፈልጋለሁ» የሚለውን አንድ ሰው ይዞ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ለምን እንደመረጠውም ይናገራል። እናትየው ደግሞ ማንም ሳይነግራት ራሷን መርጣ ጨርሳለች። ሳምንቱን ሙሉ ፀጉሯን ልትሠራ ለመጣች ሁሉ «እሁድ ልጄ መድረክ ልታወጣኝ ነው» ስትል ነው የከረመችው። ቀሚሷ ራሱ ተተኩሶ ተሰቅሏል። እውነቱን ለመናገር ይገባታልም። ልጇን ብቻዋን ያሳደገች፣ ጸሎት ያስተማረች፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ እግሯ አብጦ እንኳ ሳትንበረከክ የማትተኛ ሴት ናት።

«ጄኔራሏን» አለች ልጅቷ።

ጄኔራሏ የመዘምራን አለቃዋ ናት። ስሙን ያወጡላት መዘምራኑ ናቸው። ልምምድ ላይ ማስነጠስ ያማረው ሰው እንኳ መጀመሪያ አስፈቅዶ ነው።

እናትየው ሳቀች፤ ደህና ሳቅ ግን አልነበረም። «ሌባ ያለችሽን ሴትዮ?»

«እሷን።»

«ያ ሁሉ ሰው ፊት 'የመዘምራኑን ማይክ የወሰድሽው አንቺ ነሽ' ብላ ያስለቀሰችሽን? በአንቺ ምክንያት ሰላም የማልላትን? ስንት ዓመት እዚህች ወንበር ላይ ፀጉሯን ስሠራት ኖሬ፣ ዓይኗን ማየት ያስጠላኝን?»

«ማን ነው ሌባ?» ብላ ጮኸች ደንበኛዋ። ካስክ ውስጥ ያለ ሰው ለራሱ ስለማይሰማው ሌላውም የማይሰማ ይመስለዋል።

«ምንም! ዝም ብለሽ ድረቂ!»

«እማ፣ ማይኩ የት እንደተገኘ ታውቂያለሽ?»

«የራሷ ቦርሳ ውስጥ! ታዲያ ይሄ ነው የሚያስመርጣት?»

«ቀስ ብላ ቦታው ብትመልሰው ማን ያውቅባት ነበር? ማንም። እሷ ግን እነዚያኑ ሰዎች ሰበሰበችና 'ሌባ ያልኳት ልጅ ንጹሕ ናት። ማይኩ እኔው ቦርሳ ውስጥ ነበር፣ ሳላጣራ ስሟን አጠፋሁ' አለች። ከዚያ ፊቴ መጥታ ቆመችና 'ይቅር በይኝ' አለችኝ። ድምጿ እየተንቀጠቀጠ! ጄኔራሏ እኮ ናት፣ እማ! ንስሐ ንስሐ ሲባል ስሰማ ነው ያደግኩት፤ ትልቅ ሰው ሲያደርገው ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።»

«ቆይ ቆይ! እኔ ትልቅ ሰው አይደለሁማ? እኔ ምን በደልኩሽ?»

መጥረጊያው ቆመ።

«ተናገሪ!»

«የፀጉር መተኮሻው የተቃጠለ ጊዜ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «ደንበኞች ፊት 'አንቺ እጀ ሰባራ' ብለሽ ጮህሽብኝ። በኋላ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጥቶ ጥፋቱ የሶኬቱ ነው አለሽ። ያኔ ምን አልሽኝ?»

«ምን አልኩሽ?» የምሯን ነው፣ አታስታውስም።

«'ምሳ በላሽ?'»

እናትየው ማበጠሪያዋን አንስታ ሽርጧ ኪስ ከተተች። ምሳ በላሽ ማለት እኮ... ከገዛ እናቷም የሰማችው ይኸው ነው። እነሱ ቤት ይቅርታ በሳህን ነበር የሚቀርበው። ልጄ ይሄን ታውቃለች ብላ ነበር የምታስበው።

«አላኮረፍኩሽም፣ በላሁ። እወድሻለሁ እኮ» አለች ልጅቷ። «ግን አድጌ እኔም ሰው መበደሌ አይቀርም አይደል? ያኔ እንደ እሷ ማድረግ ነው የምፈልገው።»

«ማነው ምሳ ያልበላው?» አለች ደንበኛዋ ከካስኩ ውስጥ።



«ደግሞ...» አለች ልጅቷ።

«ደግሞ ምን?»

«ለነገ ፀጉሯን አንቺ እንድትሠሪያት ነግሬያታለሁ። 'እናትሽ አታስገባኝም' አለች፤ እኔ ግን ነይ አልኳት።»

«መቼ?»

«አሁን።»

በሩ ላይ ያለው መጋረጃ ተገለጠ። ጄኔራሏ ናት። ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላለች፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። አንድ እግሯ ውስጥ ነው፣ አንዱ ውጭ። ያን ሁሉ ዘማሪ በዓይኗ ብቻ ቀጥ የምታደርግ ሴትዮ፣ አሁን ራሷ ፈቃድ ጠየቀች።

«ልግባ?»

የመሥሪያው ወንበር ባዶ ነው። ልጅቷ መጥረጊያውን እንደያዘች እናቷን ታያለች። ደንበኛዋ እንኳ ነገር ሸቷት ካስኩን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ጆሮዋን አውጥታለች።

እናትየው ማበጠሪያዋን ከሽርጧ ኪስ አወጣች፣ መልሳ ከተተችው። በሩ ላይ ይቅር ልትላት የሚገባ ሴት ቆማለች። ከኋላዋ ደግሞ እሷ ራሷ 'ይቅር በይኝ' ልትላት የሚገባ ልጅ። ሁለቱም ዓይናቸውን እሷ ላይ ተክለዋል።

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ መጀመሪያ የምትዞሩት ወደ የትኛዋ ነው?