የአዋላጇ እንግዶች

ጡረታ የወጣችው አዋላጅ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አልሆነላትም። በሥራ ዘመኗ ወደዚህ ዓለም የሚመጣውን ሁሉ ቀድማ የምትቀበለው እሷ ነበረች። አሁን ደግሞ ማንም የሚያውቀውን እየጻፈ በሚያዋጣበት የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ውስጥ፣ አዲስ ጸሐፊ ብቅ ሲል በሩ ላይ የምትጠብቀው እሷው ናት።

«እንኳን ደህና መጡ» ትላለች። «ቢሳሳቱ አይደንግጡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።» ከዚያ ምንጭ እንዴት እንደሚጠቀስ፣ ፎቶ እንዴት እንደሚገባ፣ እጅ ይዞ እንደማስኬድ ታስተምራለች።

ችግሩ እንግዳው ነው። ወር በወር ላይ ሲደራረብ አንድ ሰው እንኳ ዝር አላለም። ከነባሮቹም የቀሩት እሷና «መቀስ» ብቻ ሆኑ። መቀስ የብዕር ስሙ ነው፤ ሥራውም እንደ ስሙ። ምንጭ ያልተጠቀሰለት ዐረፍተ ነገር ካየ ቆርጦ ይጥላል። ሰላምታ ብሎ ነገር አያውቅም።

አንድ ቀን ሆዷን ባሳትና የውይይቱ ገጽ ላይ ጻፈች፦ «እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ እንግዳ ካልመጣ እሰናበታለሁ። ባዶ ቤት በር ላይ መቆም ሰው ያስረጃል።»

መልስ የሰጠው መቀስ ብቻ ነበር፦ «ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ምንጭ የለውም።»

«ይኼ ሰው ልብ አልፈጠረበትም!» አለች ለልጇ።

ልጇ የመነጽር ባለሙያ ናት፤ ከምትሞርደው የመነጽር መስተዋት ላይ ቀና ሳትል «ተይው እማዬ፤ ጎረምሳ ይሆናል» አለቻት።

በሳምንቱ ከጓዳ እልልታ የሚመስል ጩኸት ተሰማ። ልጅየዋ ደንግጣ ሮጠች።

«መጣልኝ!» አለች እናት።

«ማን?»

«ወንድ ነው! ንብ አናቢ ነኝ ይላል።»

እንግዳ አንዴ መንገዱን ካወቀ አይቀርም። ከንብ አናቢው ቀጥሎ ሊፍት ጠጋኙ መጣ፤ እሱን ተከትሎ ባቡር ወዳጁ፤ በመጨረሻም ሙሽሪት። ሙሽሪት ገና ከሠርጓ ማግስት ነኝ ብላ ራሷን አስተዋወቀችና፣ ስለ ጉልበት ሕመም ረጅም ጽሑፍ ጻፈች።

«ምስኪን፣ በዚህ ዕድሜዋ!» አለች አዋላጇ።

ሁሉም ጨዋዎች ነበሩ። ጥፋታቸው አንድ ነው፤ ምንጭ መጥቀስ ይረሳሉ። እሷም ማስተማሩ እንደ ማር ጣማት። እንቅልፏ ተስተካከለ፣ ምግብ ተስማማት፤ ልጇም «እማዬ ወጣት ሆነሽ አረፍሽው» ትላት ጀመር። ደስታዋን የሚያደፈርሰው መቀስ ብቻ ነበር። እነሱ ሲጽፉ ድምፁን አያሰማም፤ ብዕራቸውን ሲያስቀምጡ ግን ከተፍ ይልና ይቆርጠዋል።

እሷ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ትነሣበታለች። የሚገርመው የእንግዶቹ ነገር ነው፤ ቅርም አይላቸው። «ልክ ናቸው፤ የረሳሁት እኔ ነኝ» ይላል ንብ አናቢው። «አይቆጧቸው፤ ክፉ ሰው አይመስሉኝም» ትላለች ሙሽሪት።

«ፈርተውት ነው» አለች አዋላጇ በልቧ።

ሁሉም ከመሰናበታቸው በፊት ደግሞ ያችኑ አንድ ነገር ይጠይቋታል፦ «ነገም ይኖራሉ?»

«የት እሄዳለሁ!» ትላለች።

ውሎ አድሮ ግን አንድ ነገር አሳሰባት። ሊፍት ጠጋኙ ሲመጣ ንብ አናቢው ይጠፋል፤ ሙሽሪት ስትጽፍ የባቡር ወዳጁም ደብዛ የለም። የማን ሥራ እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለጋትም።

«አንድ በአንድ እያሸሸብኝ ነው» አለች።

«ታዲያ ለምን ሰብስበሽ አትጠይቂያቸውም?» አለቻት ልጇ።

ጠራቻቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት፣ ፎቅ ላይ ባለው አዳራሽ እንተዋወቅ አለች። መቀስንም ጠራችው። እንግዶቹ ፊት ልክ ልኩን ልትነግረው፣ እነሱም በአንድ አፍ ከመሰከሩበት ከመዝገቡ እንዲሰናበት ልታደርግ ቆርጣ ነበር። ሁሉም እንመጣለን አሉ። ሙሽሪት ብቻ «ደረጃው ብዙ ነው?» ብላ ጠየቀች። መቀስም «እሺ» አለ፤ ምንም ሳይቆርጥ።

ቅዳሜ ጠረጴዛውን ገጥማ ብስኩትና ጭማቂ ደረደረች። ልጇ የአምስቱን የብዕር ስሞች በደማቅ ቀለም አትማ፣ መርፌ ቁልፍ አድርጋ፣ ከጠረጴዛው በበሩ በኩል ባለው ጫፍ ላይ አስቀምጣላታለች። ሰዓቱ ደረሰ። ሰዓቱ አለፈ። ማንም የለም። ቅስሟ ሊሰበር ሲል ከደረጃው በኩል የከዘራ ድምፅ ተሰማ፤ ቀስ እያለ፣ እየቆመ፣ ደግሞ እየቀጠለ።

የገቡት አንድ እግራቸውን የሚጎትቱ አዛውንት ነበሩ። ኮታቸው አዲስ ተተኩሷል፤ ግንባራቸውን ላብ አጥምቆታል።

«ማንን ፈልገው ነው አባቴ?» አለቻቸው።

አዛውንቱ ዓይኗን ማየት አቃታቸው። ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብለው «መቀስ» የሚለውን ወረቀት አነሡና ደረታቸው ላይ ሰኩት።

ሽማግሌ አልጠበቀችም። ንዴቷ ግን አልበረደም።

«እንግዶቼን የት አደረሷቸው?» አለች።

አዛውንቱ እንደገና ጎንበስ አሉ፤ ንብ አናቢውን አንሥተው ከመቀስ ሥር ሰኩ፣ ሊፍት ጠጋኙን አስከተሉ፣ ባቡር ወዳጁን ጨመሩ፣ ጥቂት አመነቱና ሙሽሪትንም ሰክተው፣ «ነገም ይኖራሉ?» አሏት።